ተማሪዎቹ ለምን ይቀራሉ? በአዋቂዎች ትምህርት ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

አንድ አዋቂ ሰው ለመማር ሲመዘገብ ቀላል ነገር አላደረገም። ከሥራው፣ ከልጆቹ፣ ከእንቅልፉ ላይ ቀንሶ ነው የመጣው። ልጅ ሳለ ክፍል ውስጥ የተሳቀበትን ቀን ያልረሳም ብዙ ነው። ይህ ሰው በሦስተኛው ሳምንት ሲቀር «ፍላጎት የለውም» ብለን ስሙን እንሰርዛለን። እኔ ይህን አባባል አልቀበለውም። አብዛኛውን ጊዜ ሰውየውን ያስቀረው የእኛ አሠራር ነው።

ኮርስ የምታዘጋጁ፣ የማኅበረሰብ መማሪያ ማዕከል የምትመሩ ወይም አንድ ለመክፈት የምታስቡ ከሆነ እነዚህን ስህተቶች አስቀድማችሁ ብታውቋቸው ደስ ይለኛል።

«ኢንተርኔት ላይ ጭነነዋል፤ የፈለገ ይማር»

ከሁሉም የሚብሰው ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

እ.ኤ.አ. በ2011 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ለተሰጠ አንድ ነፃ የኦንላይን ኮርስ ወደ 160 ሺህ ሰው ተመዘገበ። በዓመቱ ኮርሴራና ኤዴክስ የሚባሉ የኦንላይን ኮርስ መድረኮች ተመሠረቱ። ያኔ የትምህርት በር ለዓለም ሁሉ ተበረገደ ተባለ። በሩ በእርግጥ ተከፍቷል። ግን በ2019 የታተመ አንድ ጥናት የሃርቫርድንና የኤም አይ ቲን ነፃ ኮርሶች የበርካታ ዓመታት መረጃ ሲመረምር፣ ከተመዘገቡት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ኮርሱን አንዴ እንኳ ከፍተው አላዩትም። በ2017/18 ደግሞ ከመቶ ተመዝጋቢ የጨረሱት 3 ያህል ብቻ ነበሩ።

ትምህርቱ መጥፎ ስለነበረ አይደለም። የዓለም ምርጥ መምህራን ያዘጋጁት ነው። የጎደለው «ምነው ጠፋህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው።

የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ይህን ከኢንተርኔት በፊት ያወቀው ይመስለኛል። በ1969 ተቋቁሞ የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች በ1971 ሲቀበል ትምህርቱ የሚሄደው በፖስታ፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ነበር። ነገር ግን እያንዳንዱ ተማሪ ሥራውን የሚያርምለት፣ ሲቸግረው የሚያናግረው አስተማሪ ነበረው። በክረምት ደግሞ ተማሪዎቹ በአካል ይገናኙ ነበር።

ስለዚህ ኦንላይን ኮርሱንና ማዕከሉን ለያይታችሁ አትዩአቸው። ከአሥር እስከ አሥራ አምስት የሚሆኑ ሰዎች አንድ ኮርስ አብረው ይጀምሩ። በሳምንት አንድ ቀን ማዕከሉ ውስጥ ይገናኙ፤ ያዩትን ይነጋገሩበት፤ ያልገባቸውን አብረው ይፍቱት። ይህን የሚያስተባብረው ሰው የትምህርቱ ሊቅ መሆን የለበትም። የቀረውን ሰው በዚያው ቀን ማታ ስልክ የሚደውልለት ይሁን እንጂ። ሁለት ጊዜ ከቀረ በኋላ መመለስ ያሳፍራል፤ አንድ ጊዜ ሲቀር ግን ገና ቀላል ነው።

አዋቂን እንደ ልጅ ማስተማር

ጥቁር ሰሌዳ፣ የተደረደረ ወንበር፣ «አንተ ተነስና አንብብ»። ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው ይህን አይታገሥም፤ መታገሥም የለበትም።

አሜሪካዊው የትምህርት ሊቅ ማልኮም ኖውልስ አዋቂ ሰው ከመማሩ በፊት ለምን እንደሚማር ማወቅ እንደሚፈልግ፣ የሕይወት ልምዱም ራሱ የመማሪያ ሀብት እንደሆነ ሲያስተምር ኖሯል። ብራዚላዊው ፓውሎ ፍሬሬ ደግሞ በ1963 በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል፣ አንጂኮስ በምትባል ከተማ፣ ወደ 300 ለሚጠጉ ሠራተኞች በ40 ሰዓት ያህል ማንበብና መጻፍ ለማስተማር ተነሣ። የፍሬሬ ዘዴ በፊደል ገበታ አይጀምርም። ተማሪዎቹ በየዕለቱ ከሚሏቸው ቃላት ይነሣል። ለግንበኛ «ጡብ» የሚለው ቃል ባዶ ድምፅ አይደለም። ስለ ደመወዙ፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ ጉልበቱ ብዙ የሚያናግር ነው።

እናንተም የመጀመሪያውን ቀን ለአንድ ጥያቄ ስጡት፦ «ይህን ትምህርት ምን ልትሠሩበት ነው?» አንዷ የመድኃኒት መመሪያ ማንበብ ትፈልጋለች። ሌላው የገቢና የወጪ ሒሳቡን በራሱ መያዝ፤ ሌላው ልጁን የቤት ሥራ ማገዝ። መልሶቹን ጻፏቸው። ኮርሱ ሲሄድ ወደነሱ ተመለሱ። ማንንም ደግሞ በሰው ፊት ጮክ ብሎ እንዲያነብ አታስገድዱ።

«ኦንላይን ከሆነ ለሁሉም ይደርሳል»

አይደርስም። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ2024 ባወጣው ግምት 2.6 ቢሊዮን ሰው ኢንተርኔት አይጠቀምም ነበር። የሚጠቀመውም ቢሆን ብዙው በትንሽ ስልክ፣ በተቆጠረ ዳታ ነው።

ሌላም እንቅፋት አለ። ኢሜይል መክፈት፣ የይለፍ ቃል መፍጠር፣ በመልእክት የመጣ ቁጥር ማስገባት። ለእኛ ሁለት ደቂቃ ነው። ለጀማሪ ግን ይህ ራሱ አንድ ኮርስ ነው፤ ብዙ ሰውም ገና እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል። የማዕከሉ የመጀመሪያ ሥራ አጠገቡ ተቀምጦ ይህን ማሳለፍ ነው። ስልኩን ቀምቶ መሥራት ሳይሆን፣ እሱ ራሱ እንዲነካው መጠበቅ። ትምህርቱን ደግሞ አውርዳችሁ ማዕከሉ ውስጥ አስቀምጡት። እንደ ኮሊብሪ ያሉ ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ ነፃ ፕላትፎርሞች ለዚሁ የተሠሩ ናቸው።

የአንድ ሰዓት ሌክቸር ቀርጾ «ኮርስ» ማለት

በ2014 የኤዴክስን ወደ 7 ሚሊዮን የሚጠጋ የቪዲዮ እይታ የመረመረ ጥናት ነበር። ቪዲዮው የቱንም ያህል ቢረዝም ተመልካቹ አብሮት የሚቆየው በአማካይ ቢበዛ 6 ደቂቃ ያህል ሆኖ ተገኘ። ከሥራ ደክሞ ለገባ ሰው ይህም ብዙ ነው። ቆራርጡት። በየመካከሉ ጥያቄ አስገቡ። በ2006 በተደረገ ሙከራ፣ ያነበቡትን ደግመው ከማንበብ ይልቅ ሳያዩ ለማስታወስ የሞከሩ ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ የበለጠ አስታውሰዋል። ስለዚህ ጥያቄው ለፈተና ብቻ አይደለም፤ ማስተማሪያም ነው።

ሰዓቱን ለራሳችን እንዲመቸን መወሰን

በዓለም ላይ ማንበብና መጻፍ ከማይችሉት አዋቂዎች ሁለት ሦስተኛ የሚጠጉት ሴቶች ናቸው። ታዲያ ትምህርቱን ራት በሚሠራበት ሰዓት አድርገን፣ ልጅ ይዞ መግባት ከልክለን፣ «ሴቶች አይመጡም» እንላለን። እንዴት ይምጡ? አንድ የልጆች ማቆያ ክፍልና አንድ የሚጠብቅ ሰው፣ ከአዲስ ኮምፒውተር ይልቅ ብዙ ተማሪ ያመጣል ብዬ አምናለሁ። ሰዓቱን ወስናችሁ ከመንገራችሁ በፊት ጠይቋቸው።

ማዕከል ማለት ሕንፃ ነው ብሎ ማሰብ

ሕንፃ ይመረቃል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ከዚያ ቁልፉ ይጠፋል።

የጃፓን ኮሚንካን የሚባሉት የሕዝብ መማሪያ አዳራሾች ከ1946 ጀምሮ፣ አገሪቱ ከጦርነት ፍርስራሽ ገና ስትነሣ የተስፋፉ ናቸው። ሰፈርተኛው የሚማርባቸው ብቻ አይደሉም፤ የሚሰበሰብባቸው፣ የሚመክርባቸውም ናቸው። ስዊድን ውስጥ በ1902 የተጀመረው የጥናት ክበብ ደግሞ የራሱ ሕንፃ እንኳ አያስፈልገውም። ጥቂት ሰዎች፣ አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ጠረጴዛ ይበቃዋል። ሁለቱም የቆዩት ሰዎቹ «የእኛ ነው» ስላሉት ነው። ምን ይሰጥ፣ መቼ ይከፈት፣ ማን ያስተምር የሚለውን ተማሪዎቹ ይወስኑ። ጎበዝ የልብስ ሰፊ ወይም መካኒክ ከተማሪዎቹ መካከል ካለ፣ ለአንድ ሳምንት እሱ መምህር ይሁን።

የተመዘገበን መቁጠር

«500 ሰው አሠልጥነናል» የሚለው ሪፖርት የሚነግረን ስንት ሰው እንደፈረመ ነው። ከስድስት ወር በኋላ ደውላችሁ፣ በመጀመሪያው ቀን ልሠራበት ነው ያለውን ነገር እየሠራበት እንደሆነ ጠይቁ። የምስክር ወረቀትም እንዲሁ። ቀጣሪ የማያውቀው ወረቀት ከመስጠታችሁ በፊት የትኛው ተቋም እንደሚቀበለው አጣሩ። ካልተቀበለው ለተማሪው አስቀድማችሁ ንገሩት።

ኮርሱ ሲያልቅ ተማሪውን መርሳት

ይህ በተለይ ማንበብ ገና በጀመሩ አዋቂዎች ላይ ይከፋል። የሚያነበው ነገር ያጣ ሰው ፊደሉን መልሶ ይረሳል፤ የወራት ድካሙ በወራት ይጠፋል። በትልቅ ፊደል የተጻፉ አጫጭር ጽሑፎች፣ በየሳምንቱ በስልክ የሚላክ አንድ ገጽ፣ በወር አንዴ የሚገናኝ የንባብ ቡድን፤ እነዚህ ርካሽ ናቸው። በጀቱን ስታወጡ ከኮርሱ በኋላ ላለው አንድ ዓመት ቀድማችሁ ቁረጡለት። መጨረሻ ላይ የሚተርፍ ገንዘብ አይኖርምና።