ጅማ ላይ የምርቃት ድግስ ዲጄ ሁን ከተባልክ፦ ዲስኮን እንዴት ታጫውታለህ?

የዘመድ ልጅ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ሊመረቅ ነው፣ ድንኳን ተተክሏል፣ "ሙዚቃውን አንተ ያዝ" ተብለሃል። በቃ ዲጄ ሆንክ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ የሚያደርገው ቻርት (የዘፈኖች የደረጃ ዝርዝር) ላይ አንደኛ የወጡ የዲስኮ ዘፈኖችን ለቃቅሞ ፍላሽ ላይ ጭኖ መሄድ ነው። ባታደርገው ይሻላል።

ቻርት የሚነግርህ ምን ያህል እንደተሸጠና በሬዲዮ እንደተሰማ ነው እንጂ ማን ከወንበሩ እንደተነሳ አይደለም። ሳተርደይ ናይት ፊቨር የሚባለው የዲስኮ ፊልም የዘፈን አልበም በ1978 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አሜሪካ ውስጥ 24 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆይቷል። ግን ከውስጡ አንደኛ ከወጡት አንዱ ሀው ዲፕ ኢዝ ዩር ላቭ ነው፤ ለስላሳ የፍቅር ዘፈን። ሞቅ ባለ ሰዓት ክፈተውና ሰዉ ወደ ምግቡ ሲመለስ ታያለህ።

እንደውም ዲስኮ ሲነሳ ጭፈራ ቤቱ ነበር ከፊት የሚሄደው። የካሜሩኑ ማኑ ዲባንጎ በ1972 ለአፍሪካ ዋንጫ ዘፈን ሠራ፣ ሶል ማኮሳ የሸክላው ጀርባ ላይ ነበር። የኒውዮርክ ዲጄዎች ያበዱት በጀርባው ነው፣ በዓመቱ አሜሪካ ቻርት ላይ 35ኛ ደረሰ። የግሎሪያ ጌይነር አይ ዊል ሰርቫይቭም የሸክላ ጀርባ ነበር፤ ዲጄዎች ገለበጡት፣ በ1979 አንደኛ ወጣ። የቦኒ ኤም ሪቨርስ ኦፍ ባቢሎን ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ 5 ሳምንት አንደኛ ሲሆን አሜሪካ ከ30ኛ አላለፈም። የአሜሪካን ዝርዝር ብቻ ይዘህ ከመጣህ፣ ፋዘሮቹና ማዘሮቹ የሚያውቁትን ቦኒ ኤምን ቤት ጥለህ መጣህ ማለት ነው።

ስለዚህ በምት ምረጥ። ለ15 ሰከንድ የከበሮውን ምት ቁጠር፣ በ4 አባዛው። ከዚያው ፊልም አልበም ያለው የቢ ጂስ ስቴይን አላይቭ ላይ 26 ገደማ ታገኛለህ፣ በደቂቃ 104 አካባቢ መሆኑ ነው። (የሕክምና ተመራቂ ካለ ጠይቀው፤ ልቡ የቆመ ሰው ደረት የሚጫነው በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ስለሆነ ፍጥነቱን በዚህ ዘፈን ያስተምሩበታል።) አይ ዊል ሰርቫይቭ 117 ገደማ ነው፣ የዶና ሰመር አይ ፊል ላቭ ከ125 ያልፋል። ሰው እየበላ ሳለ መቶ አካባቢ ያለውን፣ ቡናው ከወረደ በኋላ 110ዎቹን፣ ፈጣኑን ወጣቶቹ ራሳቸው መሃል ሲገቡ። ዘለህ ከ104 ወደ 126 ከሄድክ ግን እናቶች ይቀመጡብሃል፣ እነሱ ከተቀመጡ ደግሞ ድግሱ አለቀ።

ስታወርድ ረጅሙን ቅጂ ፈልግ። የሦስት ደቂቃዋ ለሬዲዮ ተብላ የተቆረጠች ናት። ባለ 12 ኢንች ሸክላ ላይ የወጡት ብዙዎቹ መግቢያና መውጫቸው ላይ ከበሮ ብቻ ስላለ አንዱን ከሌላው ለመቀጠል ይመቻል። አይ ፊል ላቭ እዚያ ላይ ከ8 ደቂቃ በላይ ነው፣ አንተም ሁለት ሦስት ጉርሻ ትጎርሳለህ።

አይ ዊል ሰርቫይቭ ላይ አንድ ነገር ልብ በል። ፒያኖው ተንደርድሮ ይወርዳል፣ ከዚያ ድምጿ ያለ ምት ይገባል፣ ከበሮው የሚመጣው በኋላ ነው። የሆነ ሰው "ምን ነካው?" ብሎ ያፈጥብሃል። እንዳትነካው። ከበሮው ሲገባ ሁሉም አንድ ላይ ነው የሚነሳው።

ከባዱ ወደ አገርኛው መሻገር ነው፣ እዚህ ብዙ ዲጄ ይወድቃል። ዲስኮ አራት እኩል ምት ነው፣ ችክችካ በስድስት ይሄዳል። አንዱን በአንዱ ላይ ልደርብ ካልክ የሰው እግር ይጠፋበታል። ዲስኮውን ቁረጠው። ማይኩን ለአንዱ አጎት ስጥና የተመራቂውን ስም ይጥራ። እልልታው ሲነሳ እዚያው ላይ ኦሮምኛውን ልቀቀው። አማርኛውም ጉራጊኛውም ከዚያ በኋላ በራሱ ይመጣል።

የጅማን ክረምት ታውቀዋለህ። ስፒከሩን ከመሬት ከፍ አድርገህ አስቀምጥ፣ የገመዱ መገጣጠሚያ ውሃ የሚሄድበት ላይ አይሁን። ጀነሬተሩን ቀን ላይ አስነስተህ ሞክረው፣ ቤንዚኑንም ራስህ እይ፤ "ሞልቷል" የሚልህን አትመን።