የጠቆረ ጠመንጃ ከባለሙያ ሲመለስ፦ ከመተኮሳችሁ በፊት ምን ታያላችሁ?

ከ1928ቱ የጣሊያን ወረራ በፊት ከቤልጅየም ተገዝተው አገር ቤት የገቡ ማውዘር የሚባሉ ጠመንጃዎች አሉ። አባቶቻችን ቤልጅግ ይሏቸዋል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች አሜሪካ ገበያ ላይ ሲውሉ እኔም አንድ ቤልጅግ ገዛሁ። ዝገት ስለነበረበት እንዲያጠቁረው፣ ማለትም ብረቱን ጥቁር ሽፋን እንዲያለብሰው፣ ለባለሙያ ሰጠሁት። ሲመለስልኝ ያብለጨልጭ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ግን ከመጋጠሚያዎቹ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ወጣ፤ ሥሩም ቀላ። ያኔ የተማርኩትን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

መጀመሪያ በርሜሉን እዩ

ጥይት እንደሌለው በዓይናችሁም በጣታችሁም አረጋግጡ። ቃታውን (ጥይት ለማጉረስ ወደ ኋላ የሚሳበውን ብረት) አውጡና በበርሜሉ ውስጥ ብርሃን ይታይ እንደሆነ ተመልከቱ። አንዳንድ ባለሙያ ብረቱን በአሸዋ ሲነፋ ወይም ቀለም ሲቀባ የበርሜሉን ሁለት ጫፍ በላስቲክ ውታፍ ይደፍናል። ውታፉ ተረስቶ ከቀረና ከተተኮሰ በርሜሉ ሊፈነዳ ይችላል። ይህችን ሳታዩ ወደሚቀጥለው አትለፉ።

ከዚያ ጨው ፈልጉ

ብረት በብዛት የሚጠቁረው በኮስቲክ ሶዳና በናይትሬት ጨው ገንዳ ውስጥ ነው። ገንዳው ከ135 እስከ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይሞቃል። ብረቱ ላይ የሚቀረው ጥቁር ሽፋን ማግኔታይት ይባላል። በጣም ስስ ነው። ከዝገት የሚያድነው በዋናነት የምትቀቡት ዘይት እንጂ ጥቁረቱ ብቻውን አይደለም።

ችግሩ ገንዳው ውስጥ ያለው ጨው ጠባብ ቦታ ሁሉ መግባቱ ነው። በደንብ ካልታጠበ እዚያው ይቀራል። ከአየር እርጥበት ይስብና ቀስ እያለ ይወጣል። ለዚህ ነው ዕለቱን ሳይሆን ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ የሚታየው።

ስለዚህ ብረቱን ከእንጨቱ ለዩት። የብሎን ቀዳዳዎችን፣ የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያዎቹን ሥር፣ በርሜሉ ከአካሉ (ቃታው ከሚገባበት ብረት) ጋር የሚገጥምበትን መስመር በባትሪ እዩ። ነጭ ነገር ካገኛችሁ ከመንካታችሁ በፊት ፎቶ አንሱትና ወደ ባለሙያው መልሱት። እኔ የምመክረው ይህንን ነው። የእጥበት ጉድለት የእሱ ጥፋት ነው፤ ደግሞ ገንዘብ ልትከፍሉበት አይገባም።

የሚመልስላችሁ ካጣችሁ ብቻ ቤት ሥሩት። ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርጉ፤ የቀረው ጨው ቆዳ ያቃጥላል። እንጨት፣ ፕላስቲክና የማነጣጠሪያ መነጽር የሌለበትን ብረት ብቻ ረጅም የብረት ዕቃ ውስጥ አድርጋችሁ በንጹህ ውሃ ግማሽ ሰዓት ያህል አፍሉት። የአሉሚኒየም ድስት አይሆንም፤ ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን ይበላል። የምግብ ዕቃም አትጠቀሙ። ውሃውን ቀይራችሁ ድገሙት። ስታወጡት ብረቱ ትኩስ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል። ወዲያው ውሃ የሚያባርር ዘይት በየቀዳዳው አፍስሱበት፤ አሳድሩት፤ ከዚያ ጥረጉት። በሳምንቱ እንደገና እዩት። ነጩ ከተመለሰ አሁንም ይፈላል።

ቀላ ያለውን ዘይት በነካ ጨርቅ በቀስታ ጥረጉት። ኮምጣጤ እንዳታስጠጉት! ዝገቱን ብቻ ሳይሆን ጥቁረቱንም ጭምር ነው የሚያነሳው።

ቀለሙ ወይን ጠጅ ከሆነ

በርሜሉ ጠቁሮ አካሉ ወደ ወይን ጠጅ ካደላ የብረቱ ዓይነት ወይም የገንዳው ሙቀት ነው ምክንያቱ። በአንዳንድ አሮጌ ማውዘሮች ላይ ይታያል። የመልክ ጉዳይ ነው። ቅር ካላችሁ ባለሙያው ሙቀቱን አስተካክሎ ሊሞክረው ይችላል። እናንተ ግን በእሳት ለማስተካከል አትሞክሩ። የነዚህ ጠመንጃዎች አካል ላዩ ብቻ እንዲጠነክር ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ከባድ እሳት ጥንካሬውን ያጠፋዋል። ያ ደግሞ ፊታችሁ ላይ የሚፈነዳ ነገር ነው።

ጽሑፉንና ቁጥሩን አንብቡ

ከማጥቆር በፊት ብረቱ ይሞረዳል፣ ይወለወላል። እጁ የከበደ ሠራተኛ ማዕዘኑን ያዶለዱማል፣ የብሎን ቀዳዳውን አፍ ያሰፋል፣ ማህተሙን ይበላል። አሜሪካ ውስጥ መለያ ቁጥሩ የጠፋ ወይም የተለወጠ መሣሪያ መያዝ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ስለሆነ ቁጥሩ በግልጽ መነበቡን እዚያው ሱቁ ውስጥ አረጋግጡ። ገና ያልሰጣችሁ ደግሞ እያንዳንዱን ጽሑፍ አስቀድማችሁ ፎቶ አንሱ። ማህተሙ እንዳይነካም በጽሑፍ ተዋዋሉ።

በመጨረሻ ሥራውን ፈትሹ

ቃታው ላይ ያለው ቁጥር ከአካሉ ቁጥር ጋር መግጠም አለመግጠሙን እዩ። ባለሙያው ብዙ ጠመንጃ አንድ ላይ ሲያጠቁር ቃታ ሊቀያየርበት ይችላል። የሌላ ጠመንጃ ቃታ ከሆነ ጥይት መቀመጫው በመለኪያ ሳይፈተሽ አትተኩሱ። ጠመንጃው ባዶ እንደሆነ ምላጩንና ድንገት እንዳይተኮስ የሚይዘውን መቆለፊያ ደጋግማችሁ ሞክሩ። ተፈትቶ ስለተገጠመ አነጣጠሩም ሊዛባ ይችላል፤ ተኩስ ሜዳ ላይ ከቅርብ ርቀት ጀምራችሁ አስተካክሉት።

የእኔ ቤልጅግ ሁለት ጊዜ ከፈላ በኋላ ነጩ ነገር አልተመለሰም። አካሉ ላይ የነበረው የይሁዳ አንበሳ ግን ፊቱ በሞረዱ ጠፍቷል፤ የቀረው መስቀሉን የያዘው እግሩ ነው።