«ሆርሞኔ ተዛብቷል» ከማለትሽ በፊት፦ ለባሕር ዳርና ለጣና ዳር ሴቶች ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

የወር አበባዋ የዘገየባት፣ ፀጉሯ የሚረግፍባት፣ ጠዋት ከአልጋ መነሣት ያቃታት ሴት ባሕር ዳር ውስጥ የምትሰማው መልስ አንድ ዓይነት ነው፦ «ሆርሞን ነው»። ጎረቤትም ይለዋል፣ ቡና ላይ የተሰበሰበውም ይለዋል። ግን የትኛው ሆርሞን? አንገት ላይ ያለችው እጢ፣ የታይሮይድ፣ አለ፤ የደም ስኳርን የሚቆጣጠረው ኢንሱሊን አለ፤ የወር አበባን የሚያዝዙት አሉ። ደግሞ ሆርሞን ተብሎ የታለፈው ነገር ሲመረመር ተራ የብረት እጥረት ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ከስሙ ሳይሆን ከምልክቱ እንጀምር።

ድካም፣ ማዞር፣ ደረጃ ስትወጪ ልብ መምታት፣ አፈር ወይም ጠመኔ ማማር

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ብረት ነው። የወር አበባ የምታይ ሴት በቀን 18 ሚሊግራም ገደማ ብረት ያስፈልጋታል፤ ለወንዱ 8 ይበቃዋል።

«ጎጃም ተወልጄ፣ ጤፍ በልቼ አድጌ፣ እንዴት ብረት ያንሰኛል?» የምትል አትጠፋም። ጤፍ ብረት አለው፤ እውነት ነው። ሆኖም በላቦራቶሪ ከሚለካው ከፊሉ አውድማ ላይ የተቀላቀለ አፈር ነው። የእህሉ የራሱ ብረትም ፋይቴት ከሚባል ንጥረ ነገር ጋር ስለሚጣበቅ አንጀት እንደልቡ አይወስደውም። ፋይቴቱን የሚያፈርሰው እርሾው ነው፤ ሁለት ሦስት ቀን በደንብ የቦካ ሊጥ ማታ ተቦክቶ ጠዋት ከሚጋገረው ይሻላል። ከፎገራ ሩዝ ጋር ተቀላቅሎ የሚጋገረው ነጭ እንጀራ ለዓይን ያምራል፣ ለኪስም ይቀላል፤ ነጭ ሩዝ ግን ብረቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ከሁሉ የሚብሰው ቡናው ነው። ቡናና ሻይ ውስጥ ያለው ፖሊፌኖል ከእህልና ከአትክልት የሚገኘውን ብረት ይዞ ያስቀረዋል። «ከምሳ በኋላ ትንሽ ቆይቼ ነው የምጠጣው» ማለትም አያድንም፤ ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ የተጠጣ ቡና ከምግቡ ጋር አብሮ እንደተጠጣው ያህል ብረት እንደሚያግድ፣ ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት የተጠጣው ግን እንዳላገደ በጥናት ታይቷል። የዘጌን ቡና ተዪ የሚልሽ የለም፤ እኔም አልልሽም። ሰዓቱን ብቻ ገልብጪው፦ አቦሉ ከምሳ በፊት ይፈላ፣ ካልሆነም ከምሳ በኋላ ሁለት ሰዓት ይቆይ። ገንዘብ የማያስወጣ መፍትሄ ቢኖር ይኸው ነው።

ቀጥሎ ቫይታሚን ሲ፤ የብረቱን መግቢያ በር የሚከፍተው እሱ ነው። ምስር ወጡ ላይ ሎሚ ጭመቂ፤ ሽሮውን ከጥሬ ቃሪያና ከቲማቲም ጋር ብዪው፤ ከላዩ ዘይቱን (ጉዋቫ) ወይም ብርቱካን አስከትዪ። ጎመን ቀቅሎ ውኃውን መጭመቅ የተለመደ ነው፤ ግን ቫይታሚን ሲውና ፎሌት የሚባለው ሌላው ቫይታሚን ከውኃው ጋር አብሮ ይደፋል። በትንሽ ውኃ አብስለሽ እዚያው አድርቂው።

ምግብ ብቻውን የማይደርስበት ጊዜም አለ። የወር አበባሽ ከሰባት ቀን ካለፈ ወይም ሞዴስ በየሁለት ሰዓቱ የሚያስቀይርሽ ከሆነ የሚፈስሰው ደም ከሚበላው ይበልጣል፤ ምክንያቱ ይታይ። ጣና ዳር ያደገች፣ ሐይቁ ወይም ወንዙ ውስጥ ገብታ ልብስ የምታጥብ ደግሞ ብልሃርዝያንና ደም መጣጭ የአንጀት ትልን ትጠርጥር፤ የሰገራ ምርመራ ሳይደረግ ብረት መዋጥ ትርፉ ልፋት ነው። ወባ በቅርቡ ከነበረብሽም ተናገሪ።

የደም ውጤትሽን ስትቀበዪ አንድ ነገር አስታውሺ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከፍታ በደም ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ስለሚያስጨምር ለደም ማነስ መለኪያ የሆነው 12 (ግራም በዴሲሊትር) እዚህ ከፍ ብሎ መነበብ አለበት። 12.2 ሆኖ «ደህና ነሽ» ከተባልሽና ድካሙ ካልለቀቀሽ ፌሪቲን፣ ማለትም የብረት ክምችትሽን የሚያሳየው ምርመራ፣ እንዲታይልሽ ጠይቂ። የብረት ክኒን ከታዘዘልሽ በወተትም በቡናም አትውሰጂው። ሰገራ ማጥቆሩ አያስደንግጥሽ፤ ደሙ ከተስተካከለ በኋላም ሦስት ወር ያህል መቀጠል የሚያስፈልገው ክምችቱ እንዲሞላ ነው።

እጅና እግር መደንዘዝ፣ የምላስ መቅላትና መላጥ፣ መርሳት

ቫይታሚን ቢ12ን አስቢ። ይህ ቫይታሚን በተፈጥሮው የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ብቻ ነው፤ ሽፈራውም፣ ተልባም፣ ሱፍም የላቸውም፤ ሻጩ ምንም ቢል። ጉበት ለዓመታት የሚሆን ስለሚያከማች አንድ ዓቢይ ጾም አያጎድለውም። ጾሙን ሁሉ የምትጾም፣ በፍስኩም ወተትና እንቁላል ለልጆች እየተወች ሽሮ የምትበላ እናት ግን ቀስ በቀስ ይጎድልባታል። ለጨጓራ ኦሜፕራዞል ለረጅም ጊዜ የምትወስድና ለስኳር ሜትፎርሚን የምትወስድም እንዲሁ።

እዚህ ላይ ጣና ዳር መኖር ዕድል ነው። ቆሮሶም፣ አምባዛም፣ ነጭ ዓሳም ቢ12 አላቸው፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ዓሳ፣ በመሃል እንቁላልና እርጎ ከተጨመረ ለብዙዋ ይበቃል። ዓሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለነፍስ አባትሽ ተዪው፤ በፍስኩ ቀን እንኳ ዓሳ የማይገባበት ቤት ግን ሞልቷል። መደንዘዙ ከጀመረ በዓሳ አትዘናጊ። መርፌ ሊያስፈልግሽ ይችላል፤ ሕክምናው የዘገየበት ነርቭ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላልና።

አንገት ማበጥ፣ ብርድ አለመቻል፣ ያለ ምክንያት መወፈር፣ የሆድ ድርቀት

ይህ በእርግጥም ሆርሞን ነው፤ የታይሮይድ። የደጋው አፈር አዮዲኑ በዝናብ ታጥቦ ስላለቀ እንቅርት የአገራችን የቆየ ችግር ነው፤ ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ በ2011 እ.ኤ.አ. ደንብ የወጣውም ለዚህ ነው። ግን ጨው በጆንያ ተከፍቶ ፀሐይ ላይ ሲውል አዮዲኑ ይጠፋል፤ ቤት ደርሶ ሲታጠብ ደግሞ የቀረውም ይሄዳል። የታሸገውን ግዢ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ከምድጃ አርቀሽ አስቀምጪ፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሪ። «አዮዲን ነው» ብሎ ጨው ማብዛት ግን የደም ግፊት መጥራት ነው።

የቆየ እንቅርት በጨው አይሟሽሽም። ቲኤስኤች የሚባለው የደም ምርመራ ይደረግ። ፀጉርሽ ሲረግፍ ባዮቲን ያለበት የፀጉር ቫይታሚን ጀምረሽ ከነበረ ለሐኪሙ ንገሪው፤ የታይሮይድ ውጤትን ያዛባል። የታይሮክሲን ክኒን የተጀመረላት ደግሞ በባዶ ሆድ በውኃ ትዋጠው፤ ቡናና ቁርስ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት፣ ብረትና ካልሲየም አራት ሰዓት ይራቁ።

የወር አበባ መዘግየት፣ መቅረት ወይም መዘበራረቅ

በቅድሚያ የእርግዝና ምርመራ። ቀጥሎ፣ የሦስት ወር መርፌ ወስደሻል? ክንድሽ ላይ የተቀበረ አለ? ፖስት ፒል ደጋግመሽ ትወስጃለሽ? እነዚህ የወር አበባን ማጥፋትና ማዘበራረቅ የታወቀ ጠባያቸው ነው፤ ምግብ አያስተካክለውም፤ አማራጭ እንዲቀየርልሽ የጤና ባለሙያዋን አማክሪ። እናትሽ አጠገብ ቁጭ ብለው ስለሚጠየቅ ብዙ ሴት መርፌውን ትደብቃለች፤ ከዚያ ሁሉም ሰው በከንቱ ይደክማል። ብቻሽን ግቢ።

እነዚህ ከሌሉ፣ አገጭ ላይ ፀጉር፣ ብጉርና ውፍረት ከተጨመሩበት ፒሲኦኤስ (የእንቁላል እጢን ሥራ የሚያውክ የሆርሞን መዛባት) ሊሆን ይችላል፤ በብዙዎቹ ላይ ኢንሱሊን በደንብ አለመሥራቱ አብሮ አለ። ምግብ እዚህ ላይ ጉልበት አለው። ወፍራም ከሆንሽ ከክብደትሽ ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ብቻውን ዑደቱን ሊመልሰው ይችላል። አራት ማንኪያ ስኳር የሚገባበትን ሻይ፣ ለስላሳውን፣ በባሕር ዳር ሙቀት የሚያጓጓውን ስኳር የተጨመረበት ስፕሪስ ቀንሺ፤ ማንጎውን እንደ ፍሬው ብዪው። እንጀራውን አሳንሰሽ ክኩን፣ ምስሩን፣ ጎመኑን አብዢ። ማታ ሐይቁ ዳር መራመድ ደግሞ ክፍያ የለውም።

ተቃራኒውም አለ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾማ፣ ማታም «ልቅጠን» ብላ የምትዘል ልጅ አእምሮዋ እንቁላል የማዘጋጀቱን ትእዛዝ ያቆማል። ለእሷ መፍትሄው መብላት ነው።

ከጡት ወተት ያለ ወሊድ ከወጣ፣ ከራስ ምታትና ከዕይታ ችግር ጋር ከሆነ፣ ወይም ካረጠች ሴት ደም ከፈሰሰ ወጥ ቤት ውስጥ መልስ አትፈልጊ፤ ሐኪም ጋ ሂጂ።

ማታ ማታ አለማየት፣ የአጥንት ሕመም

ዳፍንት የቫይታሚን ኤ ምልክት ነው፦ ካሮት፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ጎመን፤ ሁሉም ከትንሽ ዘይት ጋር። ለአጥንት ደግሞ የጎጃም ዳጉሳ በካልሲየም ከሌሎቹ እህሎች የላቀ ነው፤ ጠላ ውስጥ ብቻ አይቅር፣ እንጀራውም ላይ ይግባ። ቫይታሚን ዲ ከፀሐይ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቢሮ ወይም ሱቅ የምትውል ክንዷን ለፀሐይ ታሳይ።

ልጅ ለመውለድ ስታስቢ

ምልክት የለውም፤ ስለዚህ ነው የሚረሳው። የፅንሱ የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር መሠረት የሚዘጋው ከፅንሰት በኋላ በ28 ቀን ገደማ ነው፤ ብዙዋ ማርገዟን ሳታውቅ። ምስርና ጎመን ፎሌት አላቸው፣ ለዚህ ግን አይበቁም። በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ከማርገዝሽ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብለሽ ጀምሪ፣ እስከ 12ኛው ሳምንት ቀጥዪ። ከዚህ በፊት የጀርባ ክፍተት ያለበት ልጅ የወለደች መጠኑ በጣም ስለሚጨምር ሳትፀንስ ሐኪም ታማክር።