የኦና ህንጻ ፎቶ በጥቁርና ነጭ፦ ለምን አመድ ይመስላል?

ኦና ህንጻው ውስጥ ስትገቡ ልባችሁ ተነክቷል። ቤት ገብታችሁ ፎቶውን ስታዩት ግን አመድ መስሏል። ግድግዳው ግራጫ፣ ወለሉ ግራጫ፣ በሩም ግራጫ።

ብዙ ሰው ወዲያው ኮንትራስት (የጥቁሩንና የነጩን ልዩነት) ወደ መጨመር ይሄዳል። እኔ መጀመሪያ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ እዩ እላለሁ። ከጀርባችሁ መጥቶ ግድግዳው ላይ ፊት ለፊት ካረፈ ጥላ አይኖርም። ጥላ ከሌለ የተላጠው ቀለም ከልስኑ አይለይም። ስለዚህ ብርሃኑ በጎን እስኪመጣ ጠብቁ። አንዲት የተላጠች የቀለም ቅርፊት መርጣችሁ ተመልከቱ። ብርሃን ፊት ለፊት ሲያርፍባት እድፍ ትመስላለች። በጎን ሲመታት ግን ጠርዟ ይነጣል፣ ከሥሯ ቀጭን ጥቁር መስመር ይወጣል። በጥፍር ልታነሷት ያምራችኋል። ያቺን መስመር ኮምፒውተር አይፈጥርላችሁም።

ብርሃኑ ጥሩ ሆኖም ከደበዘዘ፣ ምክንያቱ ቀለም ሊሆን ይችላል። ቀይ ሸክላና የወጣበት አረንጓዴ ሐረግ ለዓይን ለየቅል ናቸው። ወደ ጥቁርና ነጭ ሲቀየሩ ግን አንድ ዓይነት ግራጫ ሊሆኑ ይችላሉ። በዲጂታል ከሆነ በሮው (RAW፣ ካሜራው ሳያቀናብር በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) አንሱ፤ ስትቀይሩት ቀዩን አፍኩት፣ አረንጓዴውን አጥቁሩት። በፊልም ከሆነ ሌንሱ ላይ የሚገጠም ቀይ መስታወት፣ ቀይ ፊልተር፣ ይህንኑ ይሠራል። ጠቆር ያለው ዓይነት ሦስት ስቶፕ ያህል ብርሃን (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በእጥፍ መጨመር ወይም በግማሽ መቀነስ ነው) ስለሚበላ ትራይፖድ፣ ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ፣ ያዙ።

ፎቶው ላይ መስኮቱ ባዶ ነጭ ሆነ እንበል። ውስጡ ጨለማ፣ ውጭው ፀሐይ ነው፤ ካሜራው ሁለቱን ባንዴ አይችላቸውም። ከትራይፖድ ላይ ሦስት ጊዜ አንሱ፦ በልኩ፣ ሁለት ስቶፕ አጨልማችሁ፣ ሁለት ስቶፕ አብርታችሁ። ኋላ አዋህዷቸው። ስታዋህዱ ግን እባካችሁ ከደረጃው ሥር ያለውን ጨለማ ተዉት። ጨለማው የቤቱ ነው።

ነጩ ልስን ፎቶው ላይ የቆሸሸ መሰለ። የካሜራው መለኪያ ሁሉን ነገር መካከለኛ ግራጫ ማድረግ ይፈልጋል። አንድ ስቶፕ ጨምሩ።

ህንጻው ወደ ኋላ የወደቀ መሰለ። ካሜራውን ወደ ላይ አቅንታችኋል። ራቅ በሉ፣ ካሜራውን ቀጥ አድርጉ፣ ከታች የተረፈውን መሬት ቁረጡ። ጀርመናውያኑ ባልና ሚስት ቤርንድና ሂላ ቤኸር እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ የውኃ ማማዎችንና የማዕድን ማውጫ ግንቦችን እንዲህ ቀጥ አድርገው አንስተዋል። እነሱ ደመናማ ሰማይ ይመርጡ ነበር፤ የሚፈልጉት ቅርጹን ነውና። የግድግዳውን ቆዳ ለሚፈልግ ሰው ግን የጎን ብርሃን ይሻለዋል።

ፎቶው ብዥ አለ። አይኤስኦ (የብርሃን ስሜታዊነቱን) 100፣ አፐርቸር (የሌንሱን ቀዳዳ) ኤፍ 8 ላይ አድርጉና ሹተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ) በ2 ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪ ልቀቁት። የእንጨት ወለል ላይ ከሆናችሁ ሹተሩ እስኪዘጋ አትንቀሳቀሱ፤ አንድ እርምጃ ትራይፖዱን ያንቀጠቅጠዋል። ወለሉ ከበሰበሰ ደግሞ በፍጹም አትግቡ። ከበሩ ላይ ሆናችሁ አንሱ።