የዱር እንስሳት ያሉባቸውን የብር ሳንቲሞች እንዴት መሰብሰብ እንደሚጀመር

መጀመሪያ ማለቂያ ያለው ስብስብ ይምረጡ። የአውስትራሊያው ኩካቡራ ወፍ ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ ይወጣል፤ ጨረስኩ የሚባል ነገር የለውም። እኔ ለጀማሪ የምመክረው የካናዳን የዱር እንስሳት ነው። ስድስት ብቻ ናቸው፦ በ2011 እ.ኤ.አ. ተኩላና ግሪዝሊ ድብ፣ በ2012 ኩጋር (ትልቅ የዱር ድመት) እና ሙስ (ግዙፍ አጋዘን)፣ በ2013 ፕሮንግሆርን (ሚዳቋ መሰል እንስሳ) እና የጫካ ባይሰን (ጎሽ መሰል እንስሳ)። እያንዳንዱ አንድ ሚሊዮን ያህል ስለተመረተ ዛሬም ይገኛል። ተኩላው የመጀመሪያው በመሆኑ ወደድ ይላል። ከሌሎቹ ቢጀምሩ ይሻላል።

ከዚያ ዋጋ። ሳንቲሙ ላይ 5 ዶላር ተጽፏል፤ እሱን ይርሱት። የሚከፍሉት ውስጡ ላለው አንድ ኦንስ 99.99 በመቶ ንጹህ ብር ነው። የዕለቱን የብር ዋጋ አይተው ይውጡ፤ ሻጩ በላዩ ላይ የሚጨምረውን ሁለት ሦስት ቦታ ጠይቀው ያወዳድሩ። ኦንስ ሲባል ደግሞ የእኛ ወቄት እንዳይመስልዎት። ወቄት የማርትሬዛ ብር ክብደት፣ 28 ግራም ገደማ ነው። የብር ኦንስ 31.1 ግራም ነው።

ይህን ቁጥር ይያዙት፣ ሐሰተኛውን የሚያጋልጠው እሱ ነው። ትንሽ ሚዛን ላይ ያስቀምጡት። ቀጥሎ ስፋቱን ይለኩ፣ 38 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። መዳብ ከብር ስለሚቀል፣ በብር የተለበጠ መዳብ ክብደቱ ልክ እንዲመጣ ወይ መወፈር ወይ መስፋት ግድ ይሆንበታል። ማግኔት ከሳበው በእርግጥ ብር አይደለም። ግን ማግኔት መዳብንም አይስብም፤ በእሱ ብቻ አይተማመኑ።

አያያዙ ላይ ጠንቀቅ ይበሉ። ሳንቲሙን ሁልጊዜ በጠርዙ ይያዙ፣ ፊቱን በጣት አይንኩ። እኔ የመጀመሪያውን ድቤን የአውራ ጣት አሻራ አየሁበትና በልብስ ጫፍ ጠረግሁት። አሻራው ለቀቀ፤ መብራት ስር ሳዘነብለው ግን ጀርባው ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ጭረቶች ነበሩ። እነሱ አይለቁም። የጌጥ ብር ይወለወላል፣ የስብስብ ሳንቲም ግን በፍጹም። በልኩ የተሠራ ጠንካራ ካፕሱል፣ ማለትም ግልጽ የፕላስቲክ ማቀፊያ ይግዙለት፤ ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ በተሠራ ለስላሳ ከረጢት ውስጥ ከቆየ አረንጓዴ ዝቃጭ ያወጣል።

የካናዳዎቹ አንድ ጉድለት አላቸው፦ ወተት የተረጨ የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ ከጊዜ በኋላ በራሱ ይወጣባቸዋል። ሲገዙ ካፕሱሉን ወደ ብርሃን አዘንብለው ይዩ፣ ንጹሁን ይምረጡ። ቤት ከገባ በኋላ ከወጣበት አይፈትጉት፤ የብሩ ክብደትም ንጽህናም አልተነካም።