የተከላ ሂደትን በተለያየ የአየር ጠባይ ለማነጻጸር
በተለያየ የአየር ጠባይ የሚኖሩ አትክልተኞች የተከላቸውን ሂደት ሲለዋወጡ የዘሩበትን ቀን ብቻ መናገራቸው እምብዛም አይጠቅምም፤ ከምድር ወገብ በስተሰሜንና በስተደቡብ ወቅቶቹ ተቃራኒ ናቸው፤ ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥርም ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ በቅድሚያ የአፈሩን ሙቀት ይመዝግቡ። ቴርሞሜትሩን ጠዋት፣ ፀሐይ አፈሩን ሳታሞቀው፣ 5 ሴንቲሜትር ያህል አስገብተው ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ያንብቡ፤ የቲማቲም ዘር ከ25 እስከ 30 ዲግሪ በሚደርስ አፈር ውስጥ በሳምንት ገደማ ሲበቅል፣ ከ10 ዲግሪ በታች ግን አፈር ውስጥ እንዳለ ሊበሰብስ ይችላል። የበቀለበትንና ያበበበትን ጊዜ ከዘሩበት ዕለት ጀምረው በቀናት ቆጥረው ይጻፉ። ፎቶግራፍ ሲያነሡም ከችግኙ አጠገብ ማስመሪያ ያቁሙ፤ አብዛኞቻችን ይህን ስለምንዘነጋ የችግኞቻችን ቁመት በግምት ይቀራል። ውርጭ የመታቸውንም ችግኞች ሳይደብቁ ያሳዩ።