የቻት ጓደኛን በአካል ማግኘት፦ ከስልክ ሱስ እስከ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቡና

ሌሊት 7 ሰዓት ሆኗል። መብራቱ ጠፍቷል፤ የስልኩ ብርሃን ብቻ ፊት ላይ አርፏል። ከቻት ጓደኛው ስም ሥር «ታይፒንግ» (እየጻፈ ነው) የሚለው ቃል ብቅ ይላል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ብቅ ይላል። መልእክቱ ግን አይመጣም። ጠዋት 1 ሰዓት ተነስቶ ሥራ የሚገባ ሰው ያቺን ቃል እያየ ሌላ ግማሽ ሰዓት ያቃጥላል።

ቻት ሰውን የሚይዘው እንዲህ ነው። መልሱ አንዳንዴ ወዲያው ይመጣል፣ አንዳንዴ ከሦስት ሰዓት በኋላ፣ አንዳንዴ ጭራሽ አይመጣም። ሽልማት በማይታወቅ ጊዜ ብቅ ሲል ልማዱ ይበልጥ ሥር እንደሚሰድ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ስኪነር በእርግቦች ላይ ባደረጋቸው ሙከራዎች ካሳየ ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ ይረቅቃል። ጆሴፍ ዋልተር የተባለ የኮሙኒኬሽን ተመራማሪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 እንዳብራራው፣ በጽሑፍ ብቻ የሚገናኝ ሰው የራሱን መልካም ጎን መርጦ ያቀርባል፤ አንባቢው ደግሞ የጎደለውን በመልካም መልካሙ ይሞላዋል። ስምንት ወር ቻት ያደረጋችሁት ሰው ግማሹ እሱ፣ ግማሹ የእናንተ ሥራ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ሱሱን ማርገብና ሰውየውን በደኅና ማግኘት አንድ መንገድ ናቸው፦ ከጽሑፍ ወደ ድምፅ፣ ከድምፅ ወደ ቪዲዮ፣ ከቪዲዮ ወደ አጭር የቀን ቡና ቶሎ መሻገር። ዓመት ሙሉ በጽሑፍ ተቆይቶ በአንድ ጊዜ «ና፣ እንገናኝ» ሲባል ነው ብዙ ነገር የሚበላሸው።

ደረጃ 1፦ ሰባት ቀን መለካት

ምንም ሳትቀንሱ ጀምሩ። በአንድሮይድ ስልክ ሴቲንግ ውስጥ «ዲጂታል ዌልቢንግ»፣ በአይፎን «ስክሪን ታይም» የሚለውን ክፈቱ። እያንዳንዱ መተግበሪያ በቀን ስንት ሰዓት እንደወሰደና ስልኩ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ያሳያል። የበለጠ የሚናገረው ሁለተኛው ቁጥር ነው። በቀን ሁለት ሰዓት በአንድ ወንበር ተቀምጦ ማውራትና ያንኑ ሁለት ሰዓት በሰማንያ ቁራጭ ከፍሎ ሥራን፣ ምሳንና የቤተሰብ ወሬን እያቋረጡ ማየት አንድ አይደሉም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2022 መባቻ ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ የቪዲዮ ጨዋታ ሱስ ተካቷል፤ ቻት ግን ለብቻው አልተጠቀሰም። እዚህ «ሱስ» ስንል በተለመደው አነጋገር ነው። መለኪያው ቀላል ነው፦ ቻቱ እንቅልፍን፣ ምግብን፣ ሥራን ወይም የቤት ወጪን መግፋት ከጀመረ በዝቷል።

ደረጃ 2፦ እሳቱን የሚያራግበውን መንቀል

ብዙዎች መተግበሪያውን አጥፍተው በሦስተኛው ቀን ይመልሱታል። ከዚያ ይልቅ የሚያጓጓውን ነገር ብቻ ንቀሉ። ቴሌግራም ላይ ትልቁ አጓጊ «ላስት ሲን»፣ ማለትም ሰው መጨረሻ የታየበት ሰዓት ነው። ሴቲንግ ውስጥ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ»፣ ቀጥሎ «ላስት ሲን ኤንድ ኦንላይን» ግቡና «ኖባዲ» በሉት። የእናንተን ስትደብቁ የሌላውም ይደበቅባችኋል፤ ክፍያ ለሚጠይቀው ፕሪሚየም ካልተመዘገባችሁ በቀር። ይህ እንደ ጉዳት ይታያል፣ ግን የምንፈልገው እሱን ነው። «ኦንላይን ሆኖ ለምን አልመለሰልኝም?» የሚለው ጥያቄ የሚያርፍበት ያጣል።

ቀጥሎ የዚያን ሰው ድምፅ «ሚውት» አድርጉና በቀን ሁለት የመልስ ጊዜ ያዙ፤ ለምሳሌ ከምሳ በኋላ 20 ደቂቃ፣ ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ 40 ደቂቃ። ለሌላኛው ወገንም ንገሩት። ሳይነገረው በድንገት ዝም ያላችሁበት ሰው የተጣላችሁት ይመስለዋል፣ ጭቅጭቁም ከበፊቱ የባሰ ሰዓት ይበላል።

በስልኩ ላይ ለመተግበሪያው የጊዜ ገደብ ለምትሞሉ አንድ ወጥመድ አለ። የአንድሮይዱ ገደብ ከእኩለ ሌሊት፣ ማለትም ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ እንደ አዲስ ይቆጥራል። የቀኑን ድርሻ የጨረሰ ሰው ልክ መተኛት ባለበት ሰዓት ትኩስ ድርሻ ይሰጠዋል። መፍትሔው ስልኩን ሌላ ክፍል ቻርጅ ማድረግና ለማንቂያ ርካሽ የጠረጴዛ ሰዓት መግዛት ነው። የሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል ረከሰ ብሎ መግዛትም ለዚህ ሰው ትርፍ የለውም፤ የተረፈው ብር በማግስቱ በድካም ይከፈላል።

ደረጃ 3፦ ሰውየው እሱ ራሱ መሆኑን ማረጋገጥ

መጀመሪያ የድምፅ ጥሪ፣ ከዚያ በቀጥታ ቪዲዮ ጥሪ። ተቀድቶ የተላከ ቪዲዮ አይቆጠርም። በጥሪው መሀል «እስቲ መስኮቱን ክፈትና ደጁን አሳየኝ» ማለት ይበቃል፤ እውነተኛ ሰው እየሳቀ ያሳያል። ኔትወርክ በእርግጥ ያስቸግራል፣ ስለዚህ አንድ ሁለት ጊዜ ቢቋረጥ አትፍረዱ። በተለያዩ ቀናት ሦስት ጊዜ ምክንያት ካቀረበና በዚያው ቀን ቲክቶክ ላይ ቪዲዮ ከለጠፈ ግን ኔትወርኩ አይደለም።

የፕሮፋይል ፎቶውን አስቀምጡና በጎግል ሌንስ ፈልጉት። በሌላ ስም ከወጣ ጉዳዩ አለቀ። ምንም ካልወጣ ግን ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ ከተዘጋ አካውንት የተሰረቀ ፎቶ ፍለጋ ላይ አይገኝም።

የሐዋሳ ልጅ ነኝ የሚል ሰው ከሆነ ተራ ነገር አንሱለት፦ ከመናኸሪያ ሐይቅ ዳር በምን እንደሚሄድ፣ ታቦር ተራራ ከሰፈሩ በየት በኩል እንደሚታየው። ነዋሪ ሳያስብ ይመልሳል። ምርመራ ግን አታድርጉት፤ ጨዋ ሰው ሲመረመር ይቀየማል።

እስከዚያ ድረስ የቤት አድራሻ፣ የመሥሪያ ቤት መግቢያ ሰዓትና የመታወቂያ ፎቶ አይላክም። ቴሌግራም ላይ ስልክ ቁጥራችሁን ማን እንደሚያይ በዚያው የፕራይቬሲ ገጽ «ኖባዲ» አድርጉ። ፎቶ ስትልኩ እንደ «ፋይል» አትላኩት፤ ፋይል ሆኖ የሚሄድ ፎቶ የተነሳበትን ቦታ መረጃ ይዞ ሊሄድ ይችላል። እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ያ መረጃ ይወልቃል።

ደረጃ 4፦ ቀጠሮ

ቦታውን እናንተ ምረጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምንመክረው ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ አካባቢ፣ ሰው የሚመላለስበት፣ በረንዳው ወደ መንገድ የሚያይ ካፌ ነው። አሞራ ገደልም ጠዋት ሰው አይጠፋበትም፣ ግን የዓሣው ገበያ ጫጫታና አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ግርግር ወሬ አያስይዝም። ቀኑ የጾም ከሆነ ደግሞ ዓሣ የሚበላም የማይበላም አለ፤ ቡና ማንንም አያስቸግርም።

ለሁለተኛና ለሦስተኛ ቀጠሮ የሚቆዩ፣ ለመጀመሪያው ግን ፈጽሞ የማይሆኑ ቦታዎች አሉ። ጀልባ አንደኛው ነው፤ ሐይቁ ውብ ነው፣ ግን ከዳር ከተራቀ በኋላ «በቃኝ፣ ልሂድ» ማለት አይቻልም። ታቦር ተራራ መውጣት፣ ወደ ወንዶ ገነት ፍል ውኃ መውጣት፣ የሆቴል ክፍልና የማንም ቤት በዚሁ ምክንያት ይቀራሉ። መመዘኛው አንድ ነው፦ ማንንም ሳትጠይቁ በራሳችሁ እግር ተነስታችሁ ባጃጅ የምትይዙበት ቦታ ነው ወይ?

ሰዓቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል አካባቢ ቢሆን ይመረጣል። ሐዋሳ ላይ ጀንበር ዓመቱን ሙሉ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ትጠልቃለች፤ የከሰዓት ቀጠሮ ትንሽ ከዘገየ ይመሻል። ከውጭ አገር ከሚመጣ ሰው ጋር ስትቀጣጠሩ «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» የሚለው ቃል አይቅር። እሱ «10» ሲል ስልኩ ላይ ያለውን 10፣ ማለትም የእኛን ጠዋት 4 ሰዓት ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ እናንተ ከሰዓት 10 ላይ ስትደርሱ እሱ ስድስት ሰዓት ጠብቆ ሄዷል። ቀኑም እንደዚሁ ነው፦ ታኅሣሥ 10 እና ዲሴምበር 10 መካከል ዘጠኝ ቀን ገደማ አለ። የሳምንቱን ቀን ስም ጨምራችሁ ጻፉ፣ «ቅዳሜ» ስትሉ አይሳሳትም።

ከሌላ ከተማ የምትመጡ ከሆነ ታኅሣሥ 19ንና ሐምሌ 19ን ተዉት። ለቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ወደ ሐዋሳ ከየአገሩ ሕዝብ ይጎርፋል፣ አልጋና መጓጓዣ ይወደዳል፣ ይጠፋል። ክፍል ያጣ እንግዳ «እኔ ጋ እደር» ሲባል እምቢ ማለት ይከብደዋል። ሐዋሳ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ አትሞክሩ፤ አልጋ በራሳችሁ ስም አስቀድማችሁ ያዙ፣ የሆቴሉን ስም ግን አትንገሩ።

ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ ልጅ ብቻውን አይሄድም። ወላጅ ወይም ታላቅ ሰው እዚያው ካፌ፣ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። ይህን የሚቃወም «ጓደኛ» ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ጓደኛ አይደለም።

ደረጃ 5፦ አንድ ሰው እንዲያውቅ ማድረግ

ለእህት፣ ለወንድም ወይም ለምታምኑት ጓደኛ የሰውየውን ፎቶ፣ ስልክ ቁጥር፣ የአካውንት ስምና የካፌውን ስም ላኩ። ቴሌግራምም ዋትስአፕም ላይ ያላችሁበትን ቦታ በቀጥታ ማጋራት ይቻላል፤ ከምርጫዎቹ የ1 ሰዓቱ ለአጭር ቡና ይበቃል። ባትሪው ካለቀ ግን ቦታውም ይቆማል፣ ስለዚህ ስልኩን ሞልታችሁ ውጡ።

ጓደኛችሁ በ20ኛው ደቂቃ ይደውል። አስቀድማችሁ አንድ ተራ ዓረፍተ ነገር ተስማሙ። «ቁልፉን የት አስቀመጥከው?» ካላችሁ «ና፣ ውሰደኝ» ማለት ይሁን። «ሁሉም ሰላም ነው» ካላችሁ ደግሞ ይተዋችሁ። ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚሰማው ሰው ምንም አይጠረጥርም።

ደረጃ 6፦ ቡናው

45 ደቂቃ ይበቃል። ገና ስትቀመጡ «እስከ 5 ሰዓት ከሩብ ነው ያለሁት» በሉ፤ ቀድሞ የተነገረ መነሻ ማንንም አያስቀይምም።

የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች እንግዳ ይሆናሉ። ሰውየው ከፎቶው ያጥራል ወይም ይከሳል፣ ድምፁ ከጽሑፉ ይዘገያል፣ በቻት አሥር መስመር የሚጽፈው እዚህ «አዎ» ብሎ ዝም ይላል። ይህ ማታለል አይደለም፤ በሐሳብ የሣላችሁት ሰው እየለቀቀ፣ እውነተኛው እየገባ ነው። ዝምታውን ለመሙላት ስልክ አታውጡ። በቻት የነበረውን ወሬ ከመድገም ይልቅ በቅርብ ያለውን ነገር አንሱ፦ ዛፉ ላይ ያለውን ጉሬዛ፣ ቡናውን፣ የመጣበትን መንገድ።

መጠጥ ጥላችሁ አትነሱ። ከተነሳችሁ ሌላ እዘዙ። ሒሳብን በተመለከተ መጋበዝ ባህላችን ስለሆነ «ለየብቻ እንክፈል» ማለት ለብዙዎች ያሳፍራል። ስለዚህ ትንሽ ነገር እዘዙ፤ ሁለት ማኪያቶ ማን ከፈለው ማን ባለዕዳ አያደርግም። ስትለያዩ ባጃጁን እናንተ ጥሩ፣ አብሮ የመሳፈሩን ግብዣ በጨዋ ቋንቋ መልሱ።

ገንዘብና ዛቻ ሲመጣ

ከመገናኘቱ በፊት «ትራንስፖርት በቴሌብር ላክልኝ» የሚል ጥያቄ ከመጣ ቀጠሮው አብሮ ይሰረዛል። «ዕቃ ልኬልህ ጉምሩክ ተይዟል፣ ቀረጡን ክፈል» የሚለውም የታወቀ ማጭበርበሪያ ነው። «በስህተት ወደ ስልክሽ የመጣ ኮድ አለ፣ ላኪልኝ» ካሉ የሚፈልጉት የእናንተን አካውንት ነው፤ ኮድ ለማንም አይሰጥም።

በፎቶ ወይም በቻት የሚያስፈራራ ሰው ከገጠማችሁ ብር አትላኩ። የከፈለ ሰው ድጋሚ ይጠየቃል። ከማገዳችሁ በፊት ሁሉንም ስክሪንሾት አንሱ፣ የአካውንቱ ስምና ሰዓቱ ይታይ። ይህ አጣዳፊ የሚሆነው ቴሌግራም ላይ አንዱ ወገን መልእክቱን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ስለሚችል ነው። «ሲክሬት ቻት» ላይ ስክሪንሾት እምቢ ሲል በሌላ ስልክ ፎቶ አንሱት። በኮምፒውተር መሣሪያ ሰውን ማስፈራራት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል፤ ማስረጃውን ይዛችሁ ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ። አስቸኳይ ከሆነ 991 ደውሉ። የሚያፍረው አስፈራሪው መሆን አለበት፤ ለቤተሰብ መናገርም ብዙ ጊዜ የዛቻውን ጉልበት ግማሹን ይወስደዋል።

ከቡናው በኋላ

ቤት ስትደርሱ ለጠባቂያችሁ ደውሉ፣ የቦታ ማጋራቱን አጥፉ። ያን ማታ ለሰውየው ረጅም መልእክት አትጻፉ። «በሰላም ገባሁ፣ ስለ ቡናው አመሰግናለሁ» በሉና አንድ ሌሊት እደሩበት። ግንኙነቱ አይሆንም ካላችሁ በማግስቱ በሁለት መስመር ንገሩት፤ በዝምታ መጥፋት ያንኑ «ለምን አልመለሰም?» የሚል ሥቃይ ለሌላ ሰው ማውረስ ነው። ከሆነላችሁ ደግሞ ሁለተኛውን ቀጠሮ ከጓደኞቻችሁ ጋር በቀን አድርጉት። ቻቱን ከዚያ ወዲህ «ስንት ሰዓት? የት?» ለማለት ብቻ ተጠቀሙበት፤ ቀሪውን ወሬ ለቡናው አቆዩለት።